እርከን፦ ፎቶ ቤቶች «ሌቭል» የሚሉት

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ሶዶ ላይ ባህላዊውን ልብስ ዱንጉዛ ለብሶ ፎቶ የማይነሳ ጥቂት ነው። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመሩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደብዘዝ ካለ፣ ፎቶ አንሺው «ሌቭሉን ትንሽ ልንካው» ብሎ በፎቶሾፕ ኮንትሮልና ኤልን ይጫናል። ከሩቅ የሚታይ ተራራ የመሰለ ጥቁር ቅርጽ፣ ከሥሩም ሦስት ጠቋሚዎች ብቅ ይላሉ። ተራራው ሂስቶግራም ይባላል፤ ጠቋሚዎቹ ያሉበት መስኮት ደግሞ ሌቭልስ። ለዚህኛው «እርከን» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ።

ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው «ደረጃ» ነበር። ነገር ግን ደረጃ ማዕረግም ጥራትም ነው፤ «የፎቶህ ደረጃ ዝቅ ብሏል» የተባለ ደንበኛ ይቀየማል እንጂ ፎቶው መጨለሙን አይረዳም። እርከንን ግን ተዳፋት የሚያርስ ሁሉ ያውቀዋል። የኮምፒውተር ምስልም እንዲሁ ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ ያለውን ተዳፋት ይከፋፍላል፤ በተለመደው ባለ 8 ቢት ፎቶ 256 እርከን አለ፣ የታችኛው 0፣ የላይኛው 255። ካሜራው በባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ካነሳ 16,384 ይደርሳል።

ሂስቶግራም በየእርከኑ ስንት ፒክስል እንደቆመ ይቆጥራል። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.። መዛግብተ ቃላት ሥሩን ከግሪኩ «ሂስቶስ» ያመጡታል፤ ምሰሶም ነው፣ የሸማኔ ዕቃም ነው። ዱንጉዛ ለሚሸመንበት አገር ባዕድ ያልሆነ ሥር! ቢሆንም «የብርሃን ቆጠራ» ብንለው ይሻላል፤ ሥራው መቁጠር ብቻ ነውና። 0 ላይ የተከመረው ፀጉር ይሁን የዱንጉዛው ጥቁር መስመር አይለይም።

በክረምት ጭጋግ ውስጥ የተነሳ የዳሞታ ተራራ ፎቶ እንውሰድ። ቆጠራው መሃል ላይ ተጨናንቆ፣ በ70 እና በ200 መካከል ብቻ ቆሟል እንበል። የግራውን ጠቋሚ ወደ 70፣ የቀኙን ወደ 200 ስናመጣ፣ 70 የነበረው 0 ይሆናል፣ 200 የነበረው 255። ምስሉ ከጭጋጉ ይወጣል። ብርሃን ግን አልጨመርንም፤ 131 እርከን ላይ የነበረውን 256 ላይ በተን አደረግነው እንጂ። ቆጠራውን እንደገና ብናየው 125ቱ እርከን ባዶ ነው፣ የሂስቶግራሙ ተራራ እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰነጣጥቋል። ደጋግሞ መዘርጋት ሰማዩን ሸንተረር በሸንተረር የሚያደርገው በዚህ የተነሳ ነው። (ጭጋጉን ፈልጎ ያነሳውስ? እሱ ጠቋሚዎቹን ባይነካ ይሻለዋል።)

የመሃሉ ጠቋሚ 1.00 ላይ ይቆማል። ወደ ግራ ሲገፋ ቁጥሩ ከ1 ይበልጥና መሃከለኛው ድምቀት ይፈካል፤ ጫፎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ፊት የጠቆረበትን ጉርድ ፎቶ የሚያድነው ይህ ነው፣ የቀኙ ጠቋሚ አይደለም። የቀኙን የሚስብ ሰው ፊቱን ለማፍካት ሲል ነጩን ሸሚዝ ያቃጥለዋል።

ዱንጉዛ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ቀይ ክር በቀዩ ቻናል (የቀይ ብርሃን ልክ በሚያዝበት ንብርብር) 255 ደርሶ ዝርዝሩ ሲጠፋ፣ በጠቅላላው የድምቀት ቆጠራ ግን ከመሃል በታች ሊቆም ይችላል፤ ድፍን ቀይ ለዓይን ያን ያህል ብሩህ አይደለምና። ስለዚህ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን ለየብቻ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። «አውቶ» የሚለውን ቁልፍም አላምነውም። ጂምፕ በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ እስከ ጫፍ ይዘረጋቸዋል፤ በደመራ እሳት ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ትንሿን ሰማያዊ ሲጎትታት የእሳቱ ሙቀት ይጠፋል፣ ሌሊቱም እንደ ቢሮ አምፖል ይቀዘቅዛል።

የሂስቶግራሙ ተራራ መሃል ላይ ካልሆነ ፎቶው ተበላሽቷል የሚሉም አሉ። ጠይም ሰው ጥቁር መጋረጃ ፊት ቆሞ ሲነሳ ግን ቆጠራው ወደ ግራ ማዘንበሉ ትክክል ነው፤ ወደ መሃል ከገፉት መጋረጃው ግራጫ ይሆናል፣ ሰውየውም አመድ ይመስላል።

እንግዲህ ቃሉ በፎቶ ቤት ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦ «ጥቁሩን እርከን 12 ላይ አምጣው፣ ነጩን አትንካው፣ መሃሉን 1.15 አድርገህ ቀዩን ለብቻው አሳየኝ።»