ፀሐይን በጨው ያቆዩ ሴቶች

ስለ ፀሐይ ኃይል ሲነሳ ለብዙዎቻችን የትናንት ነገር ይመስለናል። ታሪክ ሲመረመር ግን ቤትና ፀሐይ የጥንት ወዳጆች ናቸው። ግሪካዊው ዜኖፎን እንደጻፈው፣ ሶቅራጥስ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቤት በብርዱ ወራት ፀሐይ እንደሚገባለት፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ፀሐይዋ በጣራው ላይ ስለምታልፍ ጥላ እንደሚያገኝ ተናግሯል።

በእኔ አመለካከት ከዘመናዊው ታሪክ እጅግ አስተማሪው ምዕራፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዶቨር በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሐሳቡ ቡዳፔስት የተወለደችው የሳይንቲስቷ የማሪያ ቴልከስ ነበር። ንድፉን ያወጣችው አርክቴክቷ ኤሊነር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን ያወጣችው ደግሞ ቀራፂዋ አሚሊያ ፒቦዲ ናት። ሦስቱም ሴቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የፀሐይን ሙቀት መያዝ ብዙም አያስቸግርም፤ ጭንቁ ለሌሊት ማቆየቱ ላይ ነው። ቴልከስ መልሱን ከጨው አገኘችው። የቤቱ የላይኛው ክፍል ወደ ደቡብ የዞረ የመስታወት ግድግዳ ነበረው። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ብረት ሲግል አየሩን ያሞቀዋል፤ አየሩም በማራገቢያ እየተነፋ የግላውበር ጨው ወደተከማቸበት ክፍል ይገባል። ይህ ጨው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ቀልጦ ሙቀቱን ይውጣል፤ ሌሊት መልሶ ሲረጋ የዋጠውን ይመልሳል። ቤቱ ሁለት የበረዶ ወቅቶችን በዚህ ተወጣ። በሦስተኛው ግን ጨው ከውሃው ተለይቶ ዘቀጠ፤ መያዣውም ዝጎ አፈሰሰ። በመጨረሻ የተለመደው ማሞቂያ ገባ።

ነዳጅ ርካሽ በነበረበት በዚያ ዘመን ስለ ጨው የሚጨነቅ እምብዛም አልነበረም። ቴልከስ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ከጣራው ኤሌክትሪክም ሙቀትም የሚያገኘውን «ሶላር ዋን» የተባለ ቤት ሲሠራ እርሷም እዚያው ነበረች፤ ጨውዋም እንዲሁ። የነዳጁ ቀውስ የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1979 በዋይት ሐውስ ጣራ ላይ 32 የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎችን አስተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1986፣ በሬጋን ዘመን፣ ጣራው ሲጠገን ወረዱ፤ ወደ ቦታቸውም አልተመለሱም። ዶቨርን የጣለው ጨው ነው። እነዚህን የጣላቸው ግን የሰው ፍላጎት መቀዝቀዝ ነው። ጣራ ላይ የተጨመረ ዕቃ ሲወርድ ቤቱ ቤት ሆኖ ይቀጥላል። የግድግዳን አቅጣጫ ግን ማንም አውርዶ አይወስደውም።

አዲስ አበባ ውስጥ የመስታወት ሕንፃዎቻችንን ከቀትር በኋላ ስመለከት ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በምዕራብ በኩል መጋረጃው ተዘግቷል፤ ውስጥ መብራት በርቷል። ቤት ልንሠራ ስንነሳ ስለ ብሎኬትና ስለ ሲሚንቶ ከግንበኛው ጋር ስንከራከር እንውላለን። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባስ ማን ይጠይቅ?