የፖርሸ 911 ቶርሽን ባርና የእድሳቱ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1989 የተመረቱት ፖርሸ 911 መኪኖች ክብደታቸውን የሚሸከምላቸው ጥምዝ ሞላ አልነበራቸውም። አራቱም እግሮች ያረፉት ቶርሽን ባር በሚባል ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ላይ ነው። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከቦዲው ጋር ይቆለፋል፤ ሌላው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይገጠማል። ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ክንዱ ወደ ላይ ተነስቶ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል፤ ዘንጉም ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ጎማውን መልሶ መሬት ያስረግጠዋል። የዚህ መኪና ባለቤቶችና መካኒኮች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያረጀውን ሲያድሱ፣ ጤነኛውንም ሲያሻሽሉ የኖሩት በዚህ ዘንግ ዙሪያ ነው።

ሐሳቡ ከ911 በብዙ ይቀድማል። ፈርዲናንድ ፖርሸ በሽቱትጋርት የራሱን የዲዛይን ቢሮ እንደ ከፈተ፣ በ1931፣ ለቶርሽን ባር ሰስፔንሽን የፈጠራ መብት ጠየቀ። ፈረንሳዊው ሲትሮየን በ1934 በትራክሲዮን አቫንት መኪናው ላይ ቶርሽን ባር ተጠቀመ፤ የፖርሸ ቢሮ ደግሞ በአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪናና በቮልስዋገን ላይ ሥራ ላይ አዋለው። በአዲስ አበባ መንገዶች ዛሬም የሚታየው ቮልስ ከፊት ለፊቱ አንዱ ከሌላው በላይ የተኙ ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ ቶርሽን ባሩ የተደበቀው በነዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቮልስ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ የጥንቱን 911 ሰስፔንሽን ቢከፍት ብዙም አይደናገረውም። ከቮልስ የተወለደው ፖርሸ 356ም ይህንኑ አሠራር ይዞ ከ1948 ጀምሮ ወጣ።

የ356 ተተኪ በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር። ፔዦ በፈረንሳይ መሃሉ ላይ ዜሮ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ስም የኔ ነው ብሎ በመቃወሙ 911 ሆነ። ከፊት ያሉት የ356 ቱቦዎች የዕቃ ቦታውን ስለሚሻሙ አዲሱ መኪና የፊት ክፍሉን ቀየረ። የፎርድ መሐንዲስ የነበረው ኧርል ማክፈርሰን በስሙ የሚጠራውን ቀጥ ብሎ የቆመ አሞርዛተር፣ በ1950 ገደማ በእንግሊዝ ፎርዶች ላይ የተስፋፋውን፣ ፖርሸ ወስዶ ሞላውን አስቀረለት፤ በምትኩ በታችኛው ክንድ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ቶርሽን ባር አስገባ። ከኋላ ደግሞ ቶርሽን ባሮቹ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለው ቱቦ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተኝተው፣ ጠፍጣፋ የብረት ክንድ እያንዳንዱን ከኋላ ጎማ ጋር ያገናኘዋል።

የመጀመሪያዎቹ 911ዎች ግን አመለኞች ነበሩ። ሞተሩ ከኋላ እግሮች አልፎ የተንጠለጠለ በመሆኑ ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ጀርባው ላይ ያርፋል። ነጂው ኩርባ መሃል ላይ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ጀርባው ወደ ውጭ ይወረወራል። ፋብሪካው ለዚህ ያበጀው የመጀመሪያ መፍትሔ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል፤ በፊት ፓራውልቱ ግራና ቀኝ 11 11 ኪሎ የሚመዝን ብረት ጨመረበት። ለ1967 ሞዴል የወጣው 911 ኤስ የኋላ ስታቢላይዘር ባርና የሚስተካከል የኮኒ አሞርዛተር ይዞ መጣ። እውነተኛው መድኃኒት የተገኘው በ1969 ሞዴል ነው፦ በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ከ2211 ወደ 2268 ሚሊ ሜትር አደገ፤ አንዱ ባትሪም በሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ተተክቶ ከፊት ለፊት ግራና ቀኝ ተቀመጠ። የ57 ሚሊ ሜትር ለውጥ በወረቀት ላይ ጥቂት ቢመስልም መኪናውን ሌላ መኪና አድርጎታል።

በዚያው ዓመት በ911 ኢ ላይ የተገጠመው አዲስ ነገር ግን ዕድሜ አላገኘም። ቦገ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው የፊት አሞርዛተር ዘይትና ጋዝ ተጠቅሞ የመኪናውን ከፍታ ራሱ ይጠብቅ ስለነበር የፊቱ ቶርሽን ባር ቀረ። አሞርዛተሩ ሲያረጅ ግን ግፊቱን ያጣል፤ የመኪናው አፍንጫም መሬት ለመሳም ይወርዳል። በ1971 ከምርት ወጣ። በኋላ ዘመን እነዚህን መኪኖች የገዙ ሰዎች አብዛኞቹ አውልቀውት ተራውን ክንድና ቶርሽን ባር ገጥመዋል። በ911 ሰስፔንሽን እድሳት ታሪክ ውስጥ ማሻሻል ማለት ወደ ቀድሞው መመለስ የሆነበት የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ ነው።

የቶርሽን ባር ብረት ራሱ በቀላሉ አያልቅም። ቀለሙ ተፍቆ ዝገት ካልጀመረው በቀር አርባና ሃምሳ ዓመት ያገለግላል። የሚያልቀው በዙሪያው ያለው ጎማና ዘይት ነው። የ911 ክንዶች የሚዞሩት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በተሠራ የጎማ ቦኮላ ላይ ነው፤ ጎማው አይንሸራተትም፣ እየተለጠጠ ይጠመዘዛል እንጂ። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በአንድ ጎኑ ይሳሳል። ያን ጊዜ ክንዱ ከመሃሉ ይወርዳል፣ መኪናው ይንጋደዳል፣ መሪው ይዋልላል። ባለቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ቶርሽን ባሩ ደከመ ብሎ ይደመድማል።

ይህ የተሳሳተ ድምዳሜ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አንድ ትልቅ ገበያ ለመፍጠር አገዘ፤ ማዕከሉም ካሊፎርኒያ ነበረች። ለአሜሪካ የሚላኩት 911ዎች በአገሩ የፓራውልት ሕግ ምክንያት ከአውሮፓዎቹ ከፍ ብለው ይቆሙ ስለነበር፣ የገዢው የመጀመሪያ ሥራ መኪናውን ወደ አውሮፓ ከፍታ ማውረድ ሆነ። በ1955 የተመሠረተው የአሜሪካ ፖርሸ ክለብ አባላቱን ቅዳሜና እሑድ ወደ ውድድር ሜዳ ያወጣ ስለነበር ጠንከር ያለ ሰስፔንሽን የሚፈልግ ሰው አልጠፋም። ለበረሃ ውድድር በተሠሩ ቮልሶች ልምድ ያካበተው ስዌይ ኤ ዌይ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ወፋፍራም ቶርሽን ባሮችን ለ911ም ይሸጥ ጀመር።

የውፍረቱ ነገር ብዙ ሰው አታሏል። የቶርሽን ባር ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው 16 እጥፍ ይሆናል። ከኋላ ያለውን 23 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ26 የቀየረ ሰው የጨመረው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመስለውም የኋላው ጥንካሬ ከ60 በመቶ በላይ አድጓል። ፋብሪካው ራሱ በዚህ ረገድ ቁጥብ ነበር። የ911 ካሬራ 3.2ን የኋላ ዘንግ በ1986 ሞዴል ከ24 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ሲያሳድገው ይቺ አንዲት ሚሊ ሜትር ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ ጥንካሬ ጨምራለች። 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ዘንግ ገጥሞ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ወገቡንም ጎማውንም ጎዳ እንጂ ኩርባ ላይ ብዙ አላተረፈም፤ የተበጣጠሰው ቦኮላ ከውስጥ እንዳለ ከሆነማ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

አሞርዛተርን በተመለከተ ምርጫው ገና ከጥንቱ በሁለት ስሞች መካከል ነበር። የሆላንዱ ኮኒ በቀይ ቀለሙ የታወቀ፣ ሲያረጅ መጠኑን ማጥበቅ የሚቻልበት አሞርዛተር ይሠራል። የጀርመኑ ቢልሽታይን ደግሞ ፈረንሳዊው ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን የፈለሰፈውን ባለ አንድ ቱቦ የጋዝ አሞርዛተር በ1957 ለመርሴዲስ አቅርቦ ነበር። በዚህ አሠራር ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ከዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለይቶ ስለሚቀመጥ ዘይቱ በሩጫ ብዛት አረፋ አይሆንም። የ1973ቱ ካሬራ አርኤስ 2.7 በቢልሽታይን ከፋብሪካ ሲወጣ ክርክሩ ለብዙዎች አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ የአሮጌ 911 ባለቤት ስለ እድሳት ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ስም እሱ ነው።

ሥራውን ከሌላ መኪና ጥገና የሚለየው ከፍታን ማስተካከሉ ነው። ከፊት አንድ ብሎን ማጥበቅና ማላላት ይበቃል። ከኋላ ግን ዘንጉ በሁለቱም ጫፎቹ ጥርስ አለው፤ ውስጠኛው ጫፍ 40፣ ውጪኛው 44። ቁጥሮቹ የተለያዩት ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱን ጫፍ በአንድ ጥርስ ወደ ፊት፣ ሌላውን በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ ሲያዞሩ የክንዱ ዝንባሌ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ መጠን ይቀየራል። ለዚህ ግን ክንዱ ወጥቶ፣ ዝንባሌው ተለክቶ፣ ተመልሶ ይገባል፤ ካልተሳካም እንደገና ይወጣል። ይህን ሥራ ሁለተኛ ጊዜ በደስታ የሚሠራ መካኒክ የለም። ፋብሪካው በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከሁለት ክፍል የተሠራና በብሎን የሚስተካከል የኋላ ክንድ ሲያመጣ፣ የቀድሞዎቹ መኪኖች ባለቤቶች ይህንኑ ክንድ እየገዙ ወደ ኋላ ገጠሙት።

በእርግጥ አብዛኛው የ911 ማሻሻያ የዚህ ዓይነት ነው፤ የታናሹን መኪና ዕቃ ለታላቁ ማልበስ። የ911 ቱርቦ የመሪ ዘንግ የጎማ መገጣጠሚያ ስለሌለው መሪውን ያጠራዋል፤ እናም በተራዎቹም ላይ ገባ። መኪናው ሲወርድ የመሪው ዘንጎች ወደ ላይ ስለሚያዘነብሉ፣ ጉብታ ላይ ጎማው በራሱ ይታጠፋል፤ ከመሪው ሳጥን ሥር ቀጭን ማስገቢያ ብረት አስቀምጦ ሳጥኑን ከፍ ማድረግ የተለመደ ሆነ። ቦኮላውን በተመለከተ አንዳንዱ ፖሊዩሪቴን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ሞከረ፤ ቅባቱ ሲያልቅ ይጮኻል፣ ክንዱንም ይይዘዋል። ግሪስ የሚሰጠው የነሐስ ቦኮላ ከሱ ይሻላል፤ ለዘወትር መንጃ ግን አዲስ የፋብሪካ ጎማ ዛሬም የሚናቅ አይደለም።

በ1989 ሞዴል የቀረበው 964 የተባለው የ911 ትውልድ በጥምዝ ሞላ ወጣ፤ የቶርሽን ባሩ ዘመን በዚያው ዓመት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹን መኪኖች ወደ ጥምዝ ሞላ የሚቀይሩ ሰዎች በዙ። የዚህ አካሄድ ችግር ቦዲው ላይ ነው፤ የኋላ አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርበት ቦታ የተሠራው ንዝረትን ለመግታት እንጂ የመኪናውን ክብደት ለመሸከም አይደለም፤ ካልተጠናከረ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ2009 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ሲንገር የተባለ ድርጅት የ911 እድሳቱን በ964 ላይ መሠረተ፤ ሞላ ያለው መኪና ስለሆነ በዘመናዊ የኧሊንስ አሞርዛተር ለማዘመን የተመቸ ነው። ያረጀ ቶርሽን ባር 911 በእጁ ያለ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ለመንገድ ከሆነ አዲስ ቦኮላ፣ ጤነኛ አሞርዛተርና በአራቱም እግሮች በሚዛን የተስተካከለ ከፍታ ይበቁታል፤ ወፍራም ዘንግ የሚያስፈልገው መኪናው ዋና ጊዜውን በውድድር ሜዳ የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው።