ሞተሩ ሲለወጥ ያልተለወጠው ሽቦ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በአሮጌ መኪና ላይ የኋለኛ ዘመን ሞተር የሚያስገጥም ሰው ይህን ቢያስታውስ ከብዙ ድካም ይድናል። ሞተሩ ቢለወጥም እሳት የሚያቀብለው ሽቦ ባለፈው ዘመን ሊቀር ይችላልና።

ለመሆኑ ይህ እሳት ከየት መጣ? ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘባት ባለ ሦስት እግር መኪና በባትሪና በቦቢና ትለኮስ ነበር። ጎትሊብ ዳይምለር በበኩሉ የጋለ ቱቦን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1902 የጀርመኑ ቦሽ ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚሰጥ ባለ ከፍተኛ ቮልት ማግኔቶ ለገበያ አቀረበ።

ዘመኑን የገዛው ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። የእርሱ የባትሪ ማቀጣጠያ በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ታየ። በስሙ የሚጠራውና እየዳበረ የሄደው አሠራር ቀላል ነው። ፑንቲና የምትባለው ትንሽ መዝጊያ ስትገጥም የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ስትላቀቅ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት ቦቢናው ብዙ ሺህ ቮልት ወደ ካንዴላው ይልካል። (ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና የሚሉት የጋራዦቻችን ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ባለቤቱ ሄዶ ቃሉ ቀርቷል።)

የፑንቲና ጠላቷ ኤሌክትሪክ ሲበዛባት መቃጠሏ ነው። ስለዚህ በ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ሲሸጋገሩ፣ ፋብሪካዎች ወደ ቦቢናው በሚሄደው መስመር ላይ ኃይሉን የሚቀንስ ረዚስተር አስገቡ። ሞተር ሲነሣ ብቻ ረዚስተሩ ታልፎ ሙሉ ኃይል ይሰጣል። በ1960ዎቹ ሸቭሮሌዎች ላይ ደግሞ ረዚስተሩ ራሱ ሽቦው ነበር፤ ሲያዩት ከሌላው ሽቦ ብዙም አይለይም።

ከዚያ ኤሌክትሮኒክሱ መጣ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1973፣ ጄኔራል ሞተርስም በ1975 ሞዴሎቻቸው ፑንቲናን አሰናበቱ። የጄኔራል ሞተርስ አዲሱ ማቀጣጠያ የሚቃጠል ፑንቲና ስለሌለው ቁጠባ አያሻውም፤ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል።

እንግዲህ የ1975ን ሞተር በ1965 ሸቭሮሌ ላይ የገጠመ ሰው ምን ያጋጥመዋል? መኪናዋ በደንብ ትነሣለች፤ በዚያን ጊዜ ረዚስተሩ ታልፏልና። ፍጥነት ስትጨምር ወይም ዳገት ስትይዝ ግን ብልጭታው ይደክማል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ባለቤቱ ካርቡራቶር ያስፈታል፣ ካንዴላ ይለውጣል፣ ሞተሩን የሸጠለትን ሰው ይረግማል። መድኃኒቱ ግን ሲነሣም ሲነዳም ሙሉ ኃይል የሚያደርስ አንድ ወፍራም ሽቦ ከቁልፉ ወደ ማቀጣጠያው መዘርጋት ነው።

አሮጌው ሽቦ አልተበላሸም። ከዓመታት በፊት የተሰጠውን ትእዛዝ በታማኝነት እየፈጸመ ነው፤ የሚጠብቃት ፑንቲና መሄዷን የነገረው የለም።