ከረሃቡ ክረምት በፊት፦ የሴሊያክ በሽታ ምርምር ታሪክና የአንዲት እናት ምስክርነት



ዛሬ የምናገረው ሴሊያክ ስለሚባለው በሽታ ታሪክ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ በሽታው አብሮኝ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት ብቻ አይደለም። በሽታው እንዳለብኝ በተነገረኝ ቀን፣ ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ብሎ አንድ ታሪክ አጫወተኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በኔዘርላንድስ ብርቱ ረሃብ ገባ፤ ዳቦ ጠፋ፤ ሌላው ሕዝብ እየከሳ ሲሞት በሴሊያክ የታመሙ ሕፃናት ግን አገገሙ፤ ዊለም ካረል ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ይህን አይቶ የበሽታው መንሥኤ ስንዴ መሆኑን ደረሰበት። ታሪኩ ይማርካል፤ በብዙ ጽሑፎችም ይገኛል። እኔም ለዓመታት ሳምንበትና ለሌሎች ስነግረው ኖሬአለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ፣ ይህ ታሪክ ግማሹ እውነት ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተዛባ መሆኑን ማሳየት ነው። ቅደም ተከተሉን ስናቃና፣ ለረሃብ የተሰጠውን ምስጋና ለአንዲት እናት መመለስ ይኖርብናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ምንነት ጥቂት ልበል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የቀዝቃዛ አገር እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ይገኛል። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ የሚያያይዘውና የሚለጠጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት ካላቸው ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ፣ የሰውነት መከላከያ ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረውና በውጊያው መካከል የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ከምግብ ውስጥ ንጥረ ነገርን የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶች ጠፍጥፈው ይቀራሉ። ስለዚህ በሽተኛው እየበላ ይራባል። በሕፃናት ላይ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳትና የዕድገት መቀጨጭ ይታያል፤ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳትና የማያቋርጥ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ የታወቀው ሕክምና ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው።

በሽታውን የሚመስል ሕመም በጽሑፍ ያሰፈረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ነው፤ የኖረውም በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ክፍለ ዘመናት ነው። የሕመሙ ስም የመጣው ሆድን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ነው። ከእርሱ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው፣ በ1887 ሳሙኤል ጊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ስለዚሁ ሕመም ትምህርት ሰጠ፤ በተከታዩም ዓመት አሳተመው። ጊ፣ በሽታው የሚድን ከሆነ መድኃኒቱ አመጋገብ እንደሚሆን ተገንዝቦ ነበር። ዱቄት ነክ ምግብ እንዲቀነስም መክሯል። አንድ ሕፃን ከኔዘርላንድስ የሚመጣ፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ምግብ በየቀኑ እየተመገበ በሚያስደንቅ ሁኔታ እንዳገገመ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ግን ሕመሙ እንዳገረሸበት ጽፏል። ሆኖም ይኸው ሰው ስስ ሆኖ ተቆርጦ በሁለቱም ወገን የተጠበሰ ዳቦን ፈቅዷል። መልሱ ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ ቀረ።

በ1924 አሜሪካዊው ሲድኒ ሃስ በሙዝ ላይ የተመሠረተ አመጋገብ አስተዋወቀ። ዳቦን፣ እህልንና ድንችን ከልክሎ ሙዝን በብዛት ፈቀደ፤ ሕፃናቱም አገገሙ። በዘመኑ ብዙዎቹ ይሞቱ ስለ ነበር፣ ሃስ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ አያጠራጥርም። የሃስ ስሕተት ፈውሱን ከሙዙ መጠበቁ ነው። ሕፃናቱን ያዳናቸው የተሰጣቸው ነገር ሳይሆን የተነፈጋቸው ነገር ነበር። ትክክለኛ ውጤት የተሳሳተ ማብራሪያን እንዴት ለረጅም ጊዜ እንደሚያቆይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አገገሙ የተባሉ ልጆች ወደ ዳቦ እንዲመለሱ ይፈቀድላቸው ነበርና።

አሁን ወደ ዲከ እንመለስ። ዲከ በ1905 ተወለደ፤ በላይደን ሕክምና ተማረ፤ በ1936 በሄግ ከተማ የሚገኘው የዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት አንዲት ወጣት እናት፣ የታመመው ልጇ ቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ዳቦ ስትከለክለው ቶሎ እንደሚጠፋለት ነገረችው። ታሪክ ይህችን ሴት የሚጠራት «አንዲት ወጣት እናት» እያለ ብቻ ነው። ዲከ ነገሩን እንደ ተራ የእናቶች ወሬ አልጣለውም፤ ስንዴ የሌለበትን አመጋገብ በታማሚዎቹ ላይ መሞከር ጀመረ። ውጤቱንም በ1941 በኔዘርላንድስ የሕክምና መጽሔት በአጭር ጽሑፍ አወጣ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ረሃቡ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

ደቾች «ሆንገርዊንተር»፣ የረሃብ ክረምት፣ የሚሉት ጊዜ የመጣው በ1944 መጨረሻ ነው፤ በእነርሱ ክረምት ማለት የብርድና የበረዶ ወራት ነው። በመስከረም ወር የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የጀርመን ወራሪ ኃይል በአጸፋው ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ከለከለ፤ የጀልባ መተላለፊያ ቦዮችም በበረዶ ተዘጉ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥርና የስኳር ቀይ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሄግ በዚህ ረሃብ ውስጥ ነበረች። ዳቦ በጠፋ ጊዜ የሴሊያክ ሕፃናቱ መሻሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስም ሕመሙ መመለሱ የዲከን ጥርጣሬ አጸናለት። የታሪኩ እውነተኛ ግማሽ ይህ ነው።

ነገር ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ረሃብ ብቻውን ይህን ሊያስተምር ይችላልን? በረሃብ ጊዜ የሚጠፋው ዳቦ ብቻ አይደለም። ወተቱም፣ ሥጋውም፣ ቅቤውም፣ ስኳሩም አብሮ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ ጉድለት መካከል ዳቦን ለይቶ የሚያይ ዓይን፣ ስለ ዳቦ አስቀድሞ የሚጠይቅ ዓይን መሆን አለበት። ያን ክረምት ያዩ ሐኪሞች ብዙዎች ነበሩ፤ ዲከን ለየት ያደረገው ጥያቄውን ይዞ ወደ ክረምቱ መግባቱ ነው። ጥያቄውን ደግሞ የሰጠችው እናቲቱ ናት።

ከጦርነቱ በኋላ ጥርጣሬው ወደ ማስረጃ ተለወጠ። ቫን ደ ካመር የተባለው የኬሚስትሪ ባለሙያ በሰገራ ውስጥ ያለውን ስብ የሚለካበት ዘዴ አዘጋጀ። በዚህም ሳይዋጥ የሚወጣውን ስብ በቁጥር ማወቅ ተቻለ፤ ሕፃናቱ ስንዴ ሲበሉ ይጨምራል፣ ሲተዉ ይቀንሳል። ዲከ በ1950 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን የብዙ ዓመት ሥራ ይዟል። በ1952 በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ተመራማሪዎች የስንዴን ዱቄት ከፋፍለው፣ ጉዳቱ ከስታርቹ ሳይሆን ከግሉተኑ መሆኑን አሳዩ። በ1954 ፖሊ የተባለ ሐኪም በቀዶ ሕክምና በተወሰደ ናሙና የአንጀቱን ጉዳት አመለከተ፤ በ1956 ማርጎት ሻይነር ያለ ቀዶ ሕክምና ከትንሹ አንጀት ናሙና የሚወስድ ቱቦ ሠራች። በ1997 ደግሞ የሰውነት መከላከያ ዒላማ ያደረገው የገዛ ራሱ ኢንዛይም ተለይቶ ታወቀ፤ ዛሬ የሚደረገው የደም ምርመራ በዋናነት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

በዚህ ምርመራ መስፋፋት «የአውሮፓውያን ሕፃናት በሽታ» የሚለው አስተሳሰብ ፈረሰ። በ1999 የወጣ ጥናት በአልጄሪያ በሚገኙ የስደተኞች መጠለያዎች የሚኖሩ 990 የሳህራዊ ሕፃናትን መርምሮ፣ ከ100 ከአምስት በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አገኘ። በብዙ አገሮች የሚጠቀሰው ቁጥር ከ100 አንድ ገደማ ነው። በሽታው አፍሪካ ውስጥ አልታየም ሲባል፣ የጎደለው በሽታው ነው ወይስ ፈላጊው የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ማእድ ልምጣ። ዲከ በተማረባት በላይደን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2005 ጤፍ የሴሊያክ በሽተኛን የሚጎዳው የግሉተን ዓይነት እንደሌለው በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አስታወቁ። ይህ እውነት ነው፤ ለእኔም እፎይታ ነው። ዳሩ ግን «እኛ የጤፍ ሕዝብ ነን፤ አይመለከተንም» ወደሚል መዘናጋት ሊወስደን አይገባም። በሶውና ቆሎው ገብስ ነው፤ ድፎው ስንዴ ነው፤ ቂንጬው ከሁለቱ ካንዱ ነው፤ ጠላው ብቅል አለበት። አጃ የሚለው ስም እንኳ በአንዳንድ አካባቢ ጥንታዊ የስንዴ ዘርን ይጠራል። በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ከዱቄቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ማኅበራዊው ነው። በአንድ ገበታ ቀርቦ ጉርሻ መመለስ፣ «ለበረከት ያህል ቅመሺ» ያሉኝን እናት እምቢ ማለት፣ በቤተ ክርስቲያንም በስንዴ ኅብስት ፊት ከንስሐ አባት ጋር መመካከር፤ ይህ በሐኪም ማዘዣ ላይ አይጻፍም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ፣ «ይህቺን ልጅ ዳቦ በበላች ቁጥር ነው የሚያማት» ትል ነበር። ለሐኪሞችም ተናግራለች። መልሳቸው ጃርዲያ ነው፣ አሜባ ነው፣ ኋላም የጨጓራ ነው የሚል ነበር፤ መድኃኒቱን ዋጥሁ፣ ዳቦውንም በላሁ። ትክክለኛው ምርመራ የተደረገልኝ እርሷ ካረፈች በኋላ ነው። የዲከን የ1941 ጽሑፍ ዓመት ካወቅሁ ወዲህ የረሃቡን ታሪክ እንደ ቀድሞው ላወራው ያልቻልሁት ስለዚህ ነው።

የሕክምና ተማሪዎች ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት ሁለት ወገን አለው። እናት የነገረቻችሁን መዝግቡ፤ መዝግባችሁም መርምሩ። ሳይመረመሩ ስንዴ ማቆም የደም ምርመራውንና የአንጀት ናሙናውን ሊያሳስት ይችላልና፣ መስማት ብቻውን አይበቃም። ዲከ ሰማ፤ ከዚያም እስከ 1950 ድረስ ለካ፣ አመሳከረ፣ ጻፈ። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ የሚያምር ታሪክ ስትሰሙ ዓመቱን ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ በሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ስሟ ያልተጻፈ ሰው ቆማ ትገኛለች።