ማልቲካስትና የአባልነት ጥያቄ፤ ስለ አንድ ነባር የሊነክስ ጠባይ

ከአንድ ላኪ የተነሣ መልእክት ለብዙዎች፥ ነገር ግን ለፈለጉት ብቻ፥ እንዲደርስ የሚያደርገው የኮምፒዩተር መረብ ሥርዓት ማልቲካስት ይባላል። ታሪኩን ለመመርመር ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። በአንድ የሊነክስ ኮምፒዩተር ላይ የሁለት ክፍሎችን የሙቀት ልክ የሚመዘግቡ ሁለት ፕሮግራሞች አቁመን ነበር፤ አንደኛው 239.1.1.1፥ ሁለተኛው 239.1.1.2 ከተባለው ማኅበር ይቀበላል፤ የሁለቱም ፖርት 5000 ነው። በስድስተኛው ቀን የሁለቱ ክፍሎች ልክ በሁለቱም መዝገቦች ተደባልቆ ተገኘ። እኛም ሳንመረምር ሁለተኛውን ፕሮግራም የጻፈውን ጓደኛችንን ወቀስነው።

ቀጥለን የጠረጠርነው የኤተርኔትን አድራሻ ነው። የማኅበር ቁጥር 28 ቢት ሲሆን በኤተርኔት አድራሻ ውስጥ የሚገባው የመጨረሻው 23ቱ ብቻ ስለሆነ፥ 32 ማኅበሮች አንድ አድራሻ ይጋራሉ። የእኛዎቹ ሁለቱ ግን በመጨረሻው ቁጥር ስለሚለያዩ ይህ ምክንያት ሊሆን አልቻለም። ኔትስታት በተባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ብናወጣ፥ ኮምፒዩተሩ የሁለቱም ማኅበር አባል መሆኑን አሳየን፤ የትኛው ፕሮግራም የየትኛው አባል እንደሆነ ግን በዝርዝሩ አልነበረም።

የዚህ ምክንያት ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ይጀምራል። በዚያ ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስቲቭ ዲሪንግ አር ኤፍ ሲ 1112 የተባለውን ደንብ ሲያወጣ፥ አባል ያደረገው ኮምፒዩተሩን እንጂ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም አይደለም። በዕድር የተመዘገበው አባወራው ቢሆንም ጥሩምባው ሲነፋ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደሚሰማ፥ እዚህም አንዱ ፕሮግራም የገባበት ማኅበር መልእክት፥ በዚያው ፖርት ማናቸውንም አድራሻ ለመቀበል ለተከፈተ ሶኬት ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩን የሊነክስ ጥፋት ብቻ ማለት አይገባም፤ ደንቡ በየሶኬቱ ስለ ማጣራት ምንም አላዘዘም ነበርና።

በ2002 የወጣው አር ኤፍ ሲ 3376 ይህን ክፍተት በግልጽ አመልክቶ፥ መልእክት በየሶኬቱ አባልነት እንዲጣራ ደነገገ። ሊነክስ ግን በ2009 በወጣው 2.6.31 እትሙ «አይፒ ማልቲካስት ኦል» የተባለውን ምርጫ ጨምሮ፥ ካልተነካ በቀር የቀድሞው ልማድ እንዲቀጥል ተወው። በልማዱ የተደገፉ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ ታስቦ ከሆነ ይገባናል፤ ለአዲስ ጸሐፊ ግን ወጥመድ ነው።

እኛም ምርጫውን ዜሮ አድርገን ፕሮግራሞቹን ብናስነሣ መደባለቁ ቀረ። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠየቅነው። የላኪውን አድራሻ ስላልመዘገብን ግን የስድስቱን ቀን ልክ መለየት አልተቻለም፤ ልኬቱን እንደገና ጀመርን።