የተጎዳ ተጫዋችና የዳኛው ፊሽካ

በትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ሲካሄድ ፊሽካውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት አስተማሪው ነው። አስተማሪው የጨዋታውን ሕግ ከሞላ ጎደል ስለሚያውቅ፣ ስለ እጅ ንክኪም ሆነ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት እምብዛም አይቸገርም። አንድ ልጅ ወድቆ ሳይነሣ ሲቀር ግን ይቸገራል። ጨዋታውን ወዲያው ያቁም? ኳሱ ከሜዳ እስኪወጣ ይጠብቅ? ልጁ «ደኅና ነኝ» ብሎ ቢነሣስ ይመነው? በማሠልጠኛ ተቋም ከዕጩ መምህራን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው ይኸው ጥያቄ በመሆኑ፣ በዓለም የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ እንዴት መልስ እያገኘ እንደመጣ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1863 በለንደን የወጣው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የመጀመሪያ ሕግ ስለ ዳኛ የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም። ቆየት ብሎ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ዳኛ ማቆም ጀመረ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩ ከመስመር ውጭ ለሚገኝ ሦስተኛ ሰው ይቀርብ ነበር። በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ወደ ሜዳ ገብቶ ዋና ዳኛ ሲሆን፣ ሁለቱ ወደ መስመር ወጡ። ይሁን እንጂ ተጫዋች በሚጎዳበት ጊዜ ዳኛው ጨዋታውን ከማቆም በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር በሊግም ሆነ በዋንጫ ውድድር አይፈቀድም ነበርና፣ ቡድኑ ወይ በ10 ሰው ይጫወታል፣ ወይም ቁስለኛው እያነከሰ በሜዳው ዳር ይቆማል።

የዚህ ሕግ ውጤት እጅግ ጎልቶ የታየው ግንቦት 5 ቀን 1956 በዌምብሌይ ነው። በእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ የማንቸስተር ሲቲ ግብ ጠባቂ በርት ትራውትማን፣ ጨዋታው ሊያልቅ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከበርሚንግሃም ሲቲው አጥቂ ከፒተር መርፊ እግር ሥር ኳስ ሲይዝ አንገቱን ተመታ። ወጌሻው ገብቶ ረዳው፤ ተነሥቶም ጨዋታውን ቀጠለ። ቡድኑ 3 ለ 1 አሸንፎ ትራውትማን ሜዳሊያውን አንገቱን ይዞ ተቀበለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በራጅ ሲታይ አንገቱ ተሰብሮ ኖሯል። ሰውየው ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር የጦር ምርኮኛ የነበረ ጀርመናዊ በመሆኑ ታሪኩ እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነገራል። እኛም ጀግንነቱን አንክድም። ነገር ግን አንገቱ የተሰበረ ሰው 17 ደቂቃ ሙሉ ግብ ሲጠብቅ ዳኛው፣ ወጌሻውና አሠልጣኙ እየተመለከቱ መሆኑን፣ ከሦስቱም አንዱ እንኳ በምትኩ ሌላ ግብ ጠባቂ ለማስገባት ሥልጣን እንዳልነበረው ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል። ታሪኩ ሲነገር ይህ ወገን ብዙውን ጊዜ ይዘለላል።

በ1962 በቺሊ የዓለም ዋንጫ ብራዚል ከቼኮዝሎቫኪያ ስትጫወት ፔሌ ጡንቻው ተበጥሶበት በሜዳው ዳር ቆሞ ቀረ። የቼኮዝሎቫኪያ ተጫዋቾች፣ ከነሱም አንዱ ማሶፑስት፣ ኳስ ወደ እሱ በደረሰ ጊዜ ሊነጥቁት አልሄዱም፤ ፔሌ ይህን ከዓመታት በኋላ በአክብሮት አንሥቶታል። ሕጉ ያልሰጠውን ጥበቃ የሰጡት ተጋጣሚዎቹ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በሊቨርፑል ከተማ ከፖርቱጋል ጋር በተደረገው ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ አልነበረም። ፔሌ በተደጋጋሚ ተመታ፤ ዳኛው የመታውን ሰው ከሜዳ አላስወጣም፤ ፔሌም እያነከሰ ጨዋታውን ጨረሰ።

የእንግሊዝ ሊግ በ1965 አንድ ተቀያሪ ፈቀደ፤ ነገር ግን ለተጎዳ ተጫዋች ብቻ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን የቻርልተኑ ኪት ፒኮክ በተጎዳ ግብ ጠባቂ ምክንያት በመግባት በሊጉ የመጀመሪያው ተቀያሪ ሆነ። ደንቡ መልካም ቢመስልም አንድ ችግር ይዞ መጣ። ተጫዋቹ በእርግጥ ተጎድቷል ወይስ አሠልጣኙ ሊቀይረው ፈልጎ ነው የተኛው? የሰው ሕመም በዓይን አይመዘንምና ይህን ማንም በርግጠኝነት ሊፈርድ አይችልም። ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ሊጉ ምክንያት መጠየቁን ትቶ ለማንኛውም ጉዳይ መቀየርን ፈቀደ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ቁስለኛው ቁስለኛ መሆኑን ለማስረዳት ከመድከም ዳነ።

በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ለያንዳንዱ ቡድን ሁለት ተቀያሪ ተፈቀደ። ሁለትም ሁልጊዜ አይበቃም። በግማሽ ፍጻሜው ኢጣሊያ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 3 በረታችበት ጨዋታ፣ ቤክንባወር ትከሻው ሲወልቅ ቡድኑ ሁለቱንም ተቀያሪዎች ጨርሶ ስለነበር ክንዱ ከደረቱ ጋር ታስሮ እስከ ጭማሪው ሰዓት ፍጻሜ ተጫወተ። በ1982 በሴቪል ደግሞ ፈረንሳዊው ባቲስቶን ተቀይሮ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ከጀርመኑ ግብ ጠባቂ ከሹማኸር ጋር ተጋጭቶ ራሱን ሳተ፤ ጥርሶቹ ወለቁ፣ የአከርካሪ አጥንቱም ተጎዳ። የኔዘርላንዱ ዳኛ ኮርቨር የሰጠው ውሳኔ የመልስ ምት ብቻ ነበር። ቅጣት ምትም ሆነ ካርድ አልነበረም። ፈረንሳይ ሁለተኛ ተቀያሪዋን በዚሁ ምክንያት አውጥታ ጭማሪውን 30 ደቂቃ ያለ ተቀያሪ ገባችበት፤ በመጨረሻም በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች።

ጨዋታውን መቼ ማቆም ይገባል የሚለው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ይህ የእግር ኳስ ችግር ብቻ አይደለም። በሶፍትቦል፣ ኳስ በዱላ ተመትቶ ተጫዋቾች ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚሮጡበት በአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ዳኛው ጉዳት ቢያይም ሩጫው እስኪያልቅ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ወዲያው ያቆምና ሯጮቹ ሊደርሱበት ይችሉ የነበረውን ማዕዘን በግምቱ ይሰጣቸዋል። በእግር ኳስ እንዲህ ያለ ካሣ ስለሌለ ተጫዋቾች ራሳቸው አንድ ልማድ ፈጠሩ፤ ኳሱን ሆን ብሎ ከሜዳ ማውጣት፣ ተጋጣሚም በእጅ ውርወራ መመለስ። የካቲት 13 ቀን 1999 ሸፊልድ ዩናይትድ የራሱ ሰው ስለተጎዳ ኳሱን አወጣ። አርሰናል ሊመልስ ሲወረውር ናይጄሪያዊው ካኑ ኳሱን ይዞ አሻገረ፤ ኦቨርማርስም አገባ። ሕግ ስላልተጣሰ ዳኛው ግቡን ከማጽደቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የአርሰናሉ አሠልጣኝ ቬንገር ጨዋታው እንዲደገም ጠየቀ፤ ተደግሞም በዚያው ውጤት፣ 2 ለ 1፣ አርሰናል አሸነፈ።

ሰኔ 26 ቀን 2003 በሊዮን የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ሕይወቱ አለፈ፤ ዕድሜው 28 ነበር፤ ምክንያቱም የልብ ሕመም ሆኖ ተገኘ። ሰኔ 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ኤሪክሰን እንዲሁ ሲወድቅ እንግሊዛዊው ዳኛ አንቶኒ ቴይለር በቅጽበት ፊሽካ ነፍቶ ሐኪሞችን ጠራ፤ ኤሪክሰን ተረፈ፣ ወደ ጨዋታም ተመለሰ። ስለዚህ ዕጩ መምህራንን አጥብቀን የምናሳስበው፣ ማንም ሳይነካው የወደቀ ተጫዋች ሲያዩ የኳሱን መውጣት ፈጽሞ እንዳይጠብቁ ነው።

የራስ ቅል ምት የበለጠ ያታልላል። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ገደማ ራሱን ተመቶ ጨዋታውን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ኢጣሊያዊው ዳኛ ሪዞሊ ቀርቦ «ይህ የፍጻሜ ጨዋታ ነው?» ሲል ጠየቀ። ሪዞሊ ነገሩን ለሽቫይንሽታይገር ነገረው፤ ክራመር በ31ኛው ደቂቃ ወጣ። 14 ደቂቃ ያህል የት እንዳለ ሳያውቅ ሲሮጥ ከዳኛው በፊት የነቃ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ለራስ ጉዳት ጨዋታው እስከ ሦስት ደቂቃ እንዲቆም፣ ተጫዋቹም ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳይመለስ ተወሰነ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ራሱን ለተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቁጥር ውጭ ተቀያሪ መስጠት ተሞክሮ፣ በ2024 በሕጉ ውስጥ ሊመረጥ የሚችል ደንብ ሆኗል።

በትምህርት ቤት ሜዳ ሐኪም የለም፤ ብዙውን ጊዜ ወጌሻም የለም። ደም የሚፈሰው ልጅ እስኪቆምለት ከሜዳ ይወጣል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ራሱን የተመታውን ልጅ ግን አስተማሪው ራሱ ይጠይቀዋል፤ በየትኛው ሜዳ ነው ያለነው? አሁን ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ግብ ያገባው ማነው? ከሦስቱ አንዱን ከሳተ፣ አምበሉ ቢለምንም፣ ደጋፊው ቢጮኽም፣ ልጁ ራሱ ቢያለቅስም፣ በዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም፤ ሦስቱን መልሶ ራሱን ካመመው ወይም ካዞረውም አይገባም። ብቻውንም ወደ ቤቱ አይላክም።