ከግንድ እስከ ጣውላ፦ የታላላቅ ዛፎች ታሪክ በዋጫና በከፋ ምድር

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዋጫ የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፋን በቡናው የማያውቅ የለም። ቡናውን በጥላው ሥር ያሳደገው ታላቅ ዛፍ ግን የቡናውን ያህል አልተነገረለትም። እንዲህ ያለ ዛፍ ሲወድቅ ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚጠፋ፣ ሒሳቡም ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደተለዋወጠ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

በከፋ ደን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ራሱን አቅንቶ የሚታየው ቀረሮ ሲሆን፣ ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ግንዱ ቀጥ ያለና እስከ ከፍተኛ ርቀት ቅርንጫፍ የሌለው በመሆኑ ለጣውላ ተፈላጊ ነው። ዋንዛ ደግሞ ለመሥራት የሚመች ስለሆነ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለወንበርና ለከበሮ ይመረጣል። ወይራ ጠንካራ በመሆኑ ምሰሶ ይሆናል።

መጋዝ ከመምጣቱ በፊት ታላቅ ዛፍ መጣል የብዙ ሰው ጉልበት የሚጠይቅ ነበር። የግንዱ ግርጌ እንደ ግድግዳ በተዘረጉ ሥሮች የተደገፈ ሲሆን፣ ቆራጮች ከእንጨት መቆሚያ ሠርተው ከሥሮቹ በላይ ይቆርጣሉ። አስቀድሞ የዛፉ ዝንባሌና የነፋሱ አቅጣጫ ይጠናል። ከዚያም ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈለግበት ወገን ግንዱ በጥልቀት ይፈለፈላል፤ ቀጥሎ ከበስተጀርባው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። በሁለቱ ቁርጦች መካከል የሚቀረው ቀጭን እንጨት እንደ ማጠፊያ ሆኖ አወዳደቁን ይመራል። ይህ ቀድሞ ከተበጠሰ ዛፉ ወዳልታሰበበት ዞሮ ሰው ሊገድል ይችላል። በትክክል ቢወድቅም እንኳ ከሥሩ ያለውን ቡናና ለጋ ዛፍ ይደመስሳል።

ከወደቀ በኋላ ያለው ሥራም ከዚህ የቀለለ አልነበረም። ግንዱ በሽብልቅ ተሰንጥቆ በመጥረቢያ ሲጠረብ ከአንድ ወፍራም ግንድ የሚወጣው ሳንቃ ጥቂት ነበር፤ የቀረው ፍላጭና ፍቅፋቂ ሆኖ ይወድቃል። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው የሚስቡት ረጅም መጋዝ ሲመጣ ግን ከዚያው ግንድ ብዙ ጣውላ ማውጣት ተቻለ። ስለዚህ መጋዝ በአንድ በኩል እንጨትን ከብክነት አዳነ፤ በሌላ በኩል ግን መቁረጥን አትራፊ በማድረጉ የዛፉን ዕድሜ አሳጠረ። መኪና የሚሄድበት መንገድ ሲከፈትም ጫካ ውስጥ ዋጋ ያልነበረው ጣውላ ገበያ አገኘ።

ይሁንና በከፋ የቆመ ዛፍም ምን ጊዜም ዋጋ ነበረው። ከግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ቀፎ የሚሰቀለው በትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ዛፉም ለዓመታት ማር ይሰጣል። በእምነትና በልማድ የተከበሩ የደን ቦታዎችም መጥረቢያ እንዳይነካቸው ተጠብቀው ኖረዋል። እንግዲህ ሰው ዛፉን ለመጣል ወይም ለማቆየት የሚወስነው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ከዛፉ የሚገኘው ጥቅም የእርሱ መሆኑን በማመኑም ጭምር ነበር።

ይህ እምነት በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተናግቷል። በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረኩ በኋላ የመሬቱ ሥሪት ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. የመንግሥትን፣ የግልንና የጥበቃ ደንን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች ወጡ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ሰፊው ደን በመንግሥት እጅ ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመቆረጥ ከለከለ። የደኑ ቁንጮ የሆነው ቀረሮ ከአራቱ ስሞች መካከል አለመኖሩን የሙያ ባልደረቦቻችን ልብ ሊሉት ይገባል። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፣ ይህም በተራው በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል።

ከክልከላው ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ደኑን የሚጠብቅበትና የሚጠቀምበት የአሳታፊ ደን አስተዳደር ተጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የከፋ ባዮስፌር ክልልን በዓለም አቀፍ መዝገቡ ውስጥ አስገባ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ቢኖር ሕግ ብቻውን ዛፍን አቁሞ እንደማያቆይ ነው። ሕዝቡ ቤት ይሠራል፤ በርና አልጋም ይፈልጋል። ጣውላው ከየት እንደሚመጣ ካልተመለሰለት ጫካው መልስ ይሆናል። ስለሆነም የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ የመሳሰሉትን በእርሻ ዳር ማልማት፣ ዋንዛን የተከለ ገበሬ የተከለውን እንደሚጠቀምበት ማረጋገጥ፣ በዕድሜ ወይም በነፋስ የወደቀውን ግንድም በጥላ ሥር ደርድሮና አድርቆ ሳይሰነጣጠቅ መጠቀም የሙያችን ተግባር ነው። ሃምሳ ሜትር የሚረዝም ቀረሮ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ተተኪውን ለማየት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። ከመጥረቢያው በፊት ሒሳቡ መሠራት ያለበትም ስለዚህ ነው።